"እነሱ ጋ ይስተካከላል" ለምትሉን ሁሉ፦ ከፕሪፕሬስ ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቢሮዎች የኮሙኒኬሽን ክፍሎች፣ ለፍሪላንስ ዲዛይነሮች፣ መጽሐፋችሁን በራሳችሁ ለምታሳትሙ ደራሲዎች፣ እና "ፋይሉ አልቋል፣ ማተም ብቻ ነው የቀረው" ብላችሁ ለምትደውሉልን ሁሉ፤

ሰላም ለናንተ ይሁን። ስራዬ ፕሪፕሬስ ነው፣ ማለትም እናንተ ፋይሉን ከላካችሁ በኋላ ማሽኑ መዞር ከመጀመሩ በፊት ባለችው ጠባብ ሰዓት ውስጥ ፋይል ከፍቼ የማጣራ፣ ገጾቹን ትልቁ ወረቀት ላይ የምደረድር፣ ፕሌት (ማሽኑ የሚያትምበትን የብረት ሰሌዳ) የማወጣ ሰው ነኝ። ብዙዎቻችሁ እንደዚህ የሚባል ስራ መኖሩንም አታውቁም፣ አልፈርድባችሁም፣ በደንብ ሲሰራ ማንም አያየውም። የምጽፍላችሁ ለመውቀስ አይደለም (ትንሽ እወቅሳለሁ፣ ቻሉኝ)፣ አንድ ነገር እንድታውቁልኝ ፈልጌ ነው። "እነሱ ጋ ይስተካከላል" ብላችሁ በላካችሁት ፋይል ላይ እኔ የማስተካክለው እያንዳንዱ ነገር በናንተ ቦታ ሆኜ የወሰንኩት ውሳኔ ነው። ፎቶው በየት በኩል ይቆረጥ፣ ሰማያዊው ወደ የትኛው ሰማያዊ ይቀየር፣ የጠፋው ፎንት በምን ይተካ፣ ባዶው ገጽ የት ይግባ። እኔ ድርጅታችሁን አላውቀውም፣ መጽሐፋችሁን አላነበብኩትም፣ ሰዓቱም ብዙ ጊዜ መሽቷል። እንደዚህ አይነት ሰው እንዲወስንላችሁ ትፈልጋላችሁ? እኔ በናንተ ቦታ ብሆን አልፈልግም።

ከመጀመሪያው እንነሳ፣ መጀመሪያው ደግሞ ገጽ የሚሰራበት ፕሮግራም፣ ኢንዲዛይን፣ ከመከፈቱ በፊት ያለው ነው። ዲዛይኑ ተሰርቶ፣ ኮሚቴ አይቶት፣ አለቃ አጽድቆት፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ "ወረቀቱ ምንድነው? ጥረዛውስ?" ብለን ስንጠይቅ ስልኩ ዝም ይላል። ወረቀት እኮ በመጨረሻ የሚመረጥ ማሸጊያ አይደለም። የሚያብረቀርቀው አርት ፔፐር ላይ ቀለሙ ከላይ ይቀመጣል፣ ተራው ወረቀት ላይ ግን ወደ ውስጥ ይጠጣል፣ እያንዳንዷ የቀለም ነጥብ ትሰፋለች፣ ስለዚህ ያው አንድ ፎቶ አንዱ ላይ ጥርት ብሎ ሌላው ላይ ጨልሞና ደብዝዞ ይወጣል። አራቱን ቀለሞች አንድ ቦታ ላይ ደራርባችሁ ስትደምሩ አርት ፔፐር እንደ ማሽኑና እንደ ስታንዳርዱ ከ300 እስከ 330 ፐርሰንት አካባቢ ይችላል፣ የጋዜጣ ወረቀት ግን 240 አካባቢ ላይ በቃኝ ይላል። ለመጽሔት ተብሎ የተዘጋጀ ማስታወቂያ እንዳለ ጋዜጣ ላይ ሲገባ የሰዎቹ ፊት የሚጠቁረው በማሽኑ ጥፋት ላይሆን ይችላል፣ ፋይሉ የተሰራው ለሌላ ወረቀት ስለሆነ ነው።

ጥረዛም እንደዚሁ። መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ ቡክሌት ከሆነ የገጹ ብዛት በ4 መካፈል አለበት፣ ምክንያቱም አንድ ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ይሰጣል፣ ከዚህ ማምለጫ የለም። 30 ገጽ ስትልኩልኝ 32 መሆን አለበት፣ ሁለቱን ባዶ ገጽ መጨረሻ ላይ ልክተታቸው ወይስ አንዱን ከሽፋኑ ቀጥሎ? ምዕራፉ በቀኝ ገጽ እንዲጀምር ፈልጋችሁ ነበር? አላውቅም። በሙጫ የሚጠረዝ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አይከፈትም፣ ወደ ውስጥ በኩል ያለው ማርጅን (ባዶው ጠርዝ) ከውጪው ሰፋ ካላለ የመስመሩ መጨረሻ ወደ መጋጠሚያው ይገባና አንባቢው መጽሐፉን እየሰነጠቀ ያነባል። በሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ፎቶማ ካለ መሃሉ ላይ የሰው ፊት አታድርጉ፣ በናታችሁ፣ አፍንጫው ይዋጣል።

ሽፋን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጸብ የሚበዛው እዚህ ነውና። ብዙ ሰው ሽፋኑን ነው ቀድሞ የሚጨርሰው፣ ደስ ስለሚል ነው መሰለኝ። ግን የመጽሐፉ ስፓይን (መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው ጠባብ ጎን) ስፋት የሚወጣው ከገጽ ብዛትና ከወረቀቱ ውፍረት ነው። 200 ገጽ ማለት 100 ቅጠል ነው፣ አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊሜትር ከወፈረ ስፓይኑ 10 ሚሊሜትር ይሆናል። ወረቀቱ በመሃል ተቀይሮ 0.13 የሚወፍር ከመጣ 13 ሚሊሜትር ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ በ10 የተሰራ ሽፋን 13 ላይ ሲለበስ የስፓይኑ ጽሁፍ ከመሃል ሊወጣ ይችላል፣ ለስፓይኑ ብቻ ተብሎ የተቀባው ቀለምም በሁለቱም ጠርዝ በኩል ይጎድላል፣ የፊት ሽፋኑ ቀለም ወደ ጎን ይጠቀለላል። "ማተሚያ ቤቱ አበላሸው" የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። የውስጡ ገጽ ሳይቆለፍና ወረቀቱ ሳይወሰን የሽፋን ፋይል አለቀ አይባልም፣ ውፍረቱን ጠይቁን፣ ደስ ብሎን እንነግራችኋለን። የጀርባ ሽፋን፣ ስፓይንና የፊት ሽፋን ደግሞ በአንድ ፋይል ጎን ለጎን ሆነው ይላኩ እንጂ በሶስት ቁራጭ አይምጡብኝ።

ለሶስት የሚታጠፍ ብሮሸርም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ኤ4 ወረቀት 297 ሚሊሜትር ስለሆነ ለ3 ተካፍሎ 99፣ 99፣ 99 ይደረግና ይላካል። በሂሳብ ልክ ነው፣ በወረቀት ልክ አይደለም። ወደ ውስጥ የምትገባው ክንፍ ጠበብ ማለት አለባት፣ 100፣ 100 እና 97 ብታደርጓት ሳትታመስ ትታጠፋለች። በወረቀቱ በሌላኛው ፊት ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ ጠባቧ ክንፍ አንዱ ፊት ላይ በቀኝ ከሆነች ሌላው ፊት ላይ በግራ ናት። ይሄን ለማመን የሚከብደው ሰው ወረቀት አጥፎ በእርሳስ ቁጥር ይጻፍበትና ይዘርጋው።

እግረ መንገዴን፣ ገጾቹን ለህትመት እንደሚመች አድርጋችሁ ለመደርደር አትልፉ። 1ኛውን ገጽ ከ16ኛው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ የላከልኝ ሰው ነበር፣ ልፋቱ ያሳዝናል፣ መልሼ ፈታሁት። ኢምፖዚሽን፣ ማለትም ገጾቹን ትልቁ ወረቀት ላይ መደርደር፣ የኛ ስራ ነው፣ ማሽኑ ምን ያህል ወረቀት እንደሚይዝና ወረቀቱ በየት በኩል እንደሚታጠፍ የምናውቀው እኛ ነን። እናንተ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያላችሁ ነጠላ ገጽ በነጠላ ገጽ ላኩ።

ብሊድን (ከመቁረጫው ውጪ የሚተርፈውን ቀለም) ሁሉም ሰው ስለሚያወራው አላረዝመውም። ወረቀት የሚቆረጠው ተቆልሎ ነው፣ ቢላው ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ወዲህም ወዲያም ይላል፣ ስለዚህ ጠርዝ የሚነካ ማንኛውም ቀለም ወይም ፎቶ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ወደ ውጪ ይውጣ። 210 በ297 የነበረው ኤ4 ከነብሊዱ 216 በ303 ይሆናል። ጽሁፍና ሎጎ ደግሞ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ። በካንቫ የምትሰሩ ሰዎችም ትችላላችሁ፣ ስታወርዱ ለህትመት የሚለውን ፒዲኤፍ ምረጡና የመቁረጫ ምልክትና ብሊድ የምትለዋን ሳጥን ንኳት፣ ግን ባክግራውንዱን ቀድማችሁ እስከ ውጪ ካልሳባችሁት ሳጥኗ ተአምር አትሰራም። ሰርተፊኬት ላይ ዙሪያውን ጠርዝ አጠገብ ቀጭን መስመር የምታስምሩ ሰዎች ደግሞ ምን ብዬ ልለምናችሁ፣ ያቺ የግማሽ ሚሊሜትር መንሸራተት ሌላ ቦታ ላይ ማንም አያያትም፣ እናንተ መስመር አስምራችሁ "እዩት ተዛብቷል" ትላላችሁ። ወደ ውስጥ 10 ሚሊሜትር ብታስገቡት ማንም ልብ አይለውም።

ወደ ፎቶ ልምጣ። በቴሌግራም ወይ በዋትስአፕ እንደ ፎቶ የተላከ ፎቶ ተጨምቆ አንሶ ነው የሚደርሰን፣ እንደ ፋይል ስትልኩት ግን እንዳለ ይመጣል፣ ልዩነቷ አንድ ምርጫ መንካት ናት፣ ስንት መጽሔት ግን በሷ ምክንያት ደብዝዞ ወጥቷል። የተለመደው ልክ በሚታተምበት መጠን 300 ፒክሰል በኢንች ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 1200 ፒክሰል ስፋት ያለው ፎቶ ለ300 ሲካፈል 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በላይ ስትለጥጡት ጥራቱን እየቀነሳችሁ ነው የምትሄዱት። ፎቶሾፕ ገብታችሁ 72 የሚለውን ቁጥር 300 ብላችሁ መጻፍ ፎቶው ውስጥ የሌለ ነገር አይጨምርለትም፣ ሶፍትዌሩ በመሃል ያለውን ይገምታል እንጂ የካሜራውን ስራ አይሰራም። በሌላ በኩል "300 ካልሆነ አልነካም" የሚሉ የሙያ ባልደረቦቼም ያበዙታል፣ ከሩቅ ለሚታይ ትልቅ ባነር 100 ወይ 150 በቂ ነው፣ ፋይሉን ዝም ብሎ ማሳበጥ ለማንም አይጠቅምም። ሎጎ ከዌብሳይት ላይ አትልቀሙ፣ የድርጅቱን ሎጎ መጀመሪያ የሰራው ሰው ጋ ቬክተር ፋይሉ (ቢያድግም ጥራቱ የማይቀንሰው) አለ፣ ፈልጉት፣ አንዴ ካገኛችሁት ደግሞ እንደ ማህተም አስቀምጡት። ወርድ ውስጥ የተለጠፈ ፎቶም አያስተማምንም፣ ወርድ ሴቭ ሲያደርግ ፎቶ ሊጨምቅ ይችላል፣ ኦሪጅናሉን ለብቻው ላኩ።

ቀለም። እዚህ ላይ ነው በጣም የምንጣላው። ስክሪን የሚሰራው በብርሃን ነው፣ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ ብርሃን፣ እኛ ደግሞ የምናትመው ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ ጭነን ነው። ስልካችሁ ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ያ ደማቅ ኤሌክትሪክ ሰማያዊ በነዚህ 4 ቀለሞች አይገኝም፣ አለመፈለግ ሳይሆን አይገኝም። ድፍን የስክሪን ሰማያዊ ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደነዚሁ 4 ቀለሞች) ሲቀየር ወደ ወይን ጠጅ ነገር ያዘነብላል። በአርጂቢ (በስክሪኑ 3 የብርሃን ቀለሞች) ከላካችሁልኝ አንድ ቦታ ላይ መቀየሩ አይቀርም፣ ወይ እኔ ወይ ማሽኑ እንቀይረዋለን፣ በየትኛው ፕሮፋይል (ቀለሙ እንዴት እንደሚቀየር በሚወስነው ቅንብር)? እናንተ ጋ ሳላችሁ ከቀየራችሁት ግን የሚደበዝዘውን በአይናችሁ ታያላችሁ፣ ሰማያዊው ውስጥ ያለውን ማጀንታ ቀንሳችሁ የምትወዱትን ታገኛላችሁ። ፕሮፋይሉን ከማተሚያ ቤቱ ጠይቁ፣ በግምት አትምረጡ።

ፓንቶን (ተቀላቅሎ የተዘጋጀ፣ በቁጥር የሚጠራ ቀለም) ለምትጠቀሙ፣ እያንዳንዱ ፓንቶን አንድ ተጨማሪ ፕሌትና አንድ ተጨማሪ ቀለም ነው፣ ስራው በ4 ቀለም የሚታተም ከሆነ ሎጎው ብቻ ፓንቶን ሆኖ መቅረት አይችልም። ሌላው፣ ከአንዱ ፋይል የተቀዳ ሎጎ 286 ሲ ብሎ፣ ሌላው 286 ዩ ብሎ ይመጣል፣ ለናንተ ያው ሰማያዊ ነው፣ ለኔ ሶፍትዌር ግን ስማቸው ስለተለያየ ሁለት ፕሌት ናቸው። አዶቤ ደግሞ በ2022 መጨረሻ አካባቢ (እንደ ፈረንጆቹ) አብዛኛውን የፓንቶን ላይብረሪ ከፕሮግራሞቹ ስላወጣው ብዙ ሰው በስክሪን እየገመተ መምረጥ ጀምሯል። ቀለም የሚመረጠው ከታተመው የፓንቶን መጽሐፍ ላይ ነው፣ ከሌላችሁ መጥታችሁ የኛን እዩ።

አሁን ስለ ጥቁር። ስክሪን ላይ ሁሉም ጥቁር አንድ ነው፣ ፕሌት ላይ ግን ቢያንስ ሶስት አይነት ጥቁር አለ፣ እና እኔ ከማስተካክላቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወስድብኝ ይሄ ነው። አንደኛው ንጹህ ጥቁር ነው፣ ከጥቁሩ ቀለም ብቻ 100 ፐርሰንት፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ። የመጽሐፍ ጽሁፍ በሙሉ ይሄ መሆን አለበት። ሁለተኛው ከአርጂቢ ጥቁር ተቀይሮ የሚመጣው ነው፣ ለምሳሌ ፎቶሾፕ ውስጥ በአሜሪካኖቹ ስዎፕ በሚባለው የቆየ ፕሮፋይል ሲቀየር ሳያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ይሆናል፣ ድምሩ 300 መጣ። እስቲ አስቡት፣ አንዲት ትንሽ ፊደል ከ4 የተለያየ ፕሌት ላይ ተነስታ እዛው ቦታ ላይ እኩል ማረፍ አለባት። ወረቀቱ በጸጉር ያህል ከተንሸራተተ ከፊደሏ ጎን ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይታያል፣ አንባቢው ምን እንደሆነ አያውቅም፣ አይኑ ብቻ ይደክማል። ወርድ ላይ የተሰራ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው የሚመጣው፣ 200 ገጽ ሙሉ ባለ 4 ቀለም ጽሁፍ። ባለ አንድ ቀለም ህትመት ታዝዞ ፋይሉ በ4 ቀለም ሲመጣም ያው ችግር ነው፣ እኔ ወደ አንድ ልመልሰው እችላለሁ፣ ግን አብረው ያሉት ፎቶዎችና ሰንጠረዦች ምን ያህል እንደሚደበዝዙ ማን ያያል?

ሶስተኛው ለሰፊ ቦታ የሚሆነው ደማቅ ጥቁር ነው። የሽፋን ባክግራውንድ በጥቁሩ ብቻ ከታተመ ወደ ግራጫ የሚሄድ፣ የታጠበ የሚመስል ነገር ይሆናል፣ ስለዚህ እንደ ሳያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 አይነት ቅልቅል ይደረግለታል፣ ድምሩ 240 ነው፣ አርት ፔፐር ላይ በምቾት ይደርቃል። ማተሚያ ቤቱ የራሱ ቅልቅል ሊኖረው ይችላል፣ እሱን ተጠቀሙ። አንዳንዱ ደግሞ ይበልጥ ይጥቆር ብሎ ከዝርዝሩ ውስጥ ሬጂስትሬሽን የሚለውን ይመርጣል። እሱ ለመቁረጫና ለማስተካከያ ምልክቶች ብቻ የተቀመጠ ነው፣ 4ቱም ቀለም 100 በ100፣ 400 ፐርሰንት። አይደርቅም፣ ከላዩ የሚያርፈው ወረቀት ጀርባ ላይ ይቀባል፣ ቁልሉ በሙሉ ይበላሻል።

ኦቨርፕሪንት የሚባለውንም (ከስር ያለውን ቀለም ሳይቆርጡ ከላዩ ማተምን) ልጥቀስ፣ ጥቁር ጽሁፍ በሌላ ቀለም ላይ ኦቨርፕሪንት ሲሆን ጥሩ ነው፣ ከስሩ ነጭ ክፍተት አይተውም። ነጭ ጽሁፍ ኦቨርፕሪንት ከተደረገ ግን ይጠፋል። ነጭ ማለት ቀለም የለም ማለት ነው፣ "ምንም"ን በቀለም ላይ ብትደርቡት ምንም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ጥቁር የነበረ ሎጎ ኦቨርፕሪንቱ ሳይነሳ ወደ ነጭ ሲቀየር ነው፣ ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ታትሞ ሲመጣ የስፖንሰሩ ሎጎ የለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ስብሰባ አልነግራችሁም።

ፎንት ላይ በፊደላችን ምክንያት የሚመጣ የራሱ መከራ አለ። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) የኢትዮጵያን ፊደል ያስገባው በ1999 ነው (እንደ ፈረንጆቹ)፣ ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቹን በላቲን ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው። በነሱ የተጻፈ የድሮ ጽሁፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ይላል። እንደዚህ አይነት የቆየ ጽሁፍ ያላችሁ ሰዎች ሌይአውት ከመግባቱ በፊት ወደ ዩኒኮድ አስቀይራችሁ አንዴ አንብቡት፣ ሲቀየር የሚዘለል ፊደል አይጠፋም። ሌላ፣ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ላይ ቦልድ ስትጫኑ ፎንቶቹ የራሳቸው ቦልድ የላቸውም፣ ወርድ ነው ፊደሉን በጉልበት የሚያወፍረው፣ በትንሽ መጠን ሲታተም የፊደሎቹ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ጨ እና ጩ መለየት ይከብዳል። ኖቶ ሰሪፍና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በየውፍረቱ የተሳሉ ፊደሎች አሏቸው፣ በነጻ ነው፣ እነሱን ተጠቀሙ።

የአራት ነጥብን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየመታችሁ አራት ነጥብ የምታስመስሉ ሰዎች፣ ሌይአውት ላይ መስመሩ ሲሞላ ከሁለቱ አንዱ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ገጽ በዚህ ምልክት የሚጀምር መስመር ሲኖረው የማነው ስህተት? ኪቦርዱ ላይ ትክክለኛው "።" አለ፣ በፍለጋና መተካት አንዴ ጠራርጎ መቀየር ሻይ እስኪፈላ አይፈጅም።

ፎንቶች ፒዲኤፉ ውስጥ ታቅፈው መምጣታቸውን አክሮባት ላይ የፋይሉን ባህርይ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ታይፕ 1 የሚባሉትን የቆዩ ፎንቶች ደግሞ አዶቤ ከ2023 ጥር ወር ጀምሮ (ይሄም በፈረንጆቹ) መደገፉን አቁሟል፣ የድሮ ስራ ከፍታችሁ ፎንቱ ጠፋብኝ ካላችሁ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ጽሁፍን ወደ ቅርጽ መቀየር ለሎጎና ለፖስተር ርዕስ ጥሩ ነው፣ መጽሐፉን በሙሉ ግን አትቀይሩት፣ አንዲት ፊደል ማረም ሲያስፈልግ ሁላችንም እናለቅሳለን።

ኪውአር ኮድና ባርኮድ ላይ አጭር ነገር፦ በንጹህ ጥቁር ብቻ፣ ነጭ ላይ፣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ። ፕሩፉ (ከህትመት በፊት የሚላክላችሁ የወረቀት ናሙና) ላይ በስልክ ሞክሩት። ስክሪን ላይ መስራቱ አይበቃም።

እንግዲህ ፋይሉ ሲላክ። ወርድ አትላኩ፣ በኛ ኮምፒውተር ሲከፈት መስመሩ ይንቀሳቀሳል፣ 84 ገጽ የነበረው 87 ይሆናል፣ ማውጫው ይዋሻል። ፒዲኤፍ ላኩ፣ እሱም ለህትመት ተብሎ ከወጡት ስታንዳርዶች በአንዱ ቢሆን ደስ ይለኛል። በ2001 (እንደ ፈረንጆቹ) የወጣው ፒዲኤፍ ኤክስ 1ኤ ሁሉንም በሲኤምዋይኬና በስፖት ቀለም (እንደ ፓንቶን ባለ) ይፈልጋል፣ ትራንስፓረንሲ (ግልጽነት) አይቀበልም፣ ጥብቅ ነው፣ ለቆየ ሲስተም አስተማማኝ። ፒዲኤፍ ኤክስ 4 ደግሞ ጥላውንና ግልጽነቱን እንዳለ ይይዛል፣ የኛ ሲስተም አዲስ ከሆነ እሱ ይሻላል። የትኛውን እንደምንፈልግ ጠይቁ፣ ግማሽ ደቂቃ ነው። ከመላካችሁ በፊት አክሮባት ፕሮ ካላችሁ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻ የሚያሳየውን አውትፑት ፕሪቪው ክፈቱና ሳያን፣ ማጀንታና ቢጫን አጥፉ። ጽሁፉ ሁሉ አሁንም ይታያል? ጥሩ። ከዚያ እነሱን መልሳችሁ ጥቁሩን ብቻ ስታጠፉ ጽሁፉ አሁንም በሌሎቹ ቀለሞች ይነበባል? እንግዲያው ያ ቅድም ያልኩት ባለ 4 ቀለም ጥቁር ነው። ኢንዲዛይን ላይ ደግሞ ከታች ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ አትመኑ ማለቴ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ምን እንድትፈትሽ ንገሯት፣ እንዳለች ከተተወች ስለ ፎቶ ጥራትም ስለ አርጂቢም ምንም አትላችሁም።

አሁን የቢሮ ኃላፊዎችን ለብቻ ላናግር። ፕሩፍ የሚላክላችሁ ለወግ አይደለም። ስትፈርሙበት "እንደዚህ ይታተም" ማለታችሁ ነው፣ ስለዚህ ፕሩፉን ተቀብሎ የሚመጣው መልእክተኛ አይፈርም፣ ጽሁፉን የሚያውቅ ሰው ይፈርም። ቀለሙን የምታዩት ደግሞ በሞባይል ፎቶ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ ለጥፋችሁ አይሁን፣ ወረቀቱን ራሱን ጥሩ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት፣ ለዚህ ስራ የተቀመጠው ልክ 5000 ኬልቪን ብርሃን ነው፣ እኛ ጋ አለ፣ የቢሮ አምፖል ስር ሁሉም ነገር ቢጫ ሊመስል ይችላል። ፕሩፍ ላይ አዲስ አንቀጽ መጻፍም ይብቃን። "ክቡር ኃላፊው አሁን ነው ያዩት" ይባላል፣ አንድ አንቀጽ ይጨመራል፣ ገጹ ይገፋል፣ ሰንጠረዡ ይሰበራል፣ የማውጫው ቁጥር ይቀየራል፣ እና ዲዛይነሩ ሌሊት ተቀምጦ ሲያስተካክል ሌላ ሶስት ስህተት ይፈጥራል። ክቡር ኃላፊው ጽሁፉን ሌይአውት ከመግባቱ በፊት ይዩት፣ ሲያዩ ደግሞ ጨርሰው ይዩት። ፕሌት ከወጣ በኋላ የሚደረግ እርማት የወጣውን ፕሌት ጥሎ አዲስ ማውጣት ነው፣ ባለ 4 ቀለም ገጽ ላይ ያለች አንዲት የፎቶ ለውጥ 4 ፕሌት ትጥላለች። ፕሮግራሙን ስታወጡ ለፕሩፍ የሚሆን ቀን አስገቡ፣ ምረቃው ነገ ሆኖ ፋይሉ ዛሬ ከሰዓት ሲመጣ ማንም አያጣራም፣ እኔም ጭምር።

ለራሳችን ለማተሚያ ቤቶችም አንድ ነገር አለኝ፣ ባልደረቦቼ ይቀየሙኝ። ፋይል እንዴት እንደሚዘጋጅ በአንድ ገጽ ጽፈን ለደንበኛ የማንሰጥ ብዙ ነን። ደንበኛው ሲጠይቅ "ፒዲኤፍ ላክ" ብለን ስልኩን እንዘጋለን፣ ከዚያ ፒዲኤፍ ሲልክ "ይሄማ አይሆንም" እንላለን። ፕሮፋይሉ፣ የቀለሙ ጣሪያ፣ ብሊዱ፣ የወረቀቶቹ ውፍረት፣ የምንቀበለው የፒዲኤፍ አይነት፣ ይሄው ነው፣ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ሌላው ክፉ ልማዳችን ዝም ብሎ ማስተካከል ነው። ፎንት ቀይረን፣ ፎቶ ጎትተን ብሊድ አስመስለን፣ ለደንበኛው ሳንነግር እናትማለን። ለጊዜው ጸብ ያስቀራል፣ ግን ሰውየው ሁለተኛም ያንኑ ፋይል ይልካል፣ ችግር እንደነበረበት ማን ነገረው? የነካነውን ነገር በሁለት መስመር ጽፈን ከፕሩፉ ጋር እንላክ።

እናንተም ፋይሉን ስትልኩ አብራችሁ አጭር መልእክት ጻፉልኝ፣ የተቆረጠው መጠን ስንት በስንት እንደሆነ፣ የገጹ ብዛት፣ ወረቀቱ፣ ጥረዛው፣ ስንት ቀለም፣ ስንት ኮፒ። የፋይሉ ስም ላይ ቀን ይኑርበት፣ "የመጨረሻ" የሚል ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች አብረው ሲመጡ አንዱን መርጬ ማተም አልፈልግም። እና የሚወስን ሰው ስልክ፣ ከስራ ሰዓት ውጪ የሚያነሳ፣ ምክንያቱም ፕሌት የማወጣው ማታ ነው፣ ጥያቄ የሚመጣብኝም ያኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፕሪፕሬስ ሰራተኛ